ከደባርቂ እስከ አሮጌ፦ አፄ ቴዎድሮስ፣ የጋፋት መድፎችና የእንግሊዝ የሮኬት ብርጌድ

የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሲነሣ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ አብሮ ይነሣል። በሕዝብ ትውስታም ሆነ በሥነ ጽሑፍ ይህ መድፍ የንጉሠ ነገሥቱ የዘመናዊነት ሕልም መታሰቢያ ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ ይልቅ ብዙም ያልተነገረለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመድፉ ፊት ለፊት የቆመው መሣሪያ ነው። ይኸውም በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ከዙላ ጠረፍ እስከ በሽሎ ሸለቆ የመጣው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሮኬት ብርጌድ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ከባሩድ በቀር እምብዛም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንደኛው ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ሲሆን ሌላኛው ቀላል ቱቦ ነው። የቴዎድሮስን የሕይወት ታሪክ በዚህ ልዩነት በኩል መመልከት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መድፍ ምን እንደ ተረዱና ምን እንዳመለጣቸው ለመለየት ይረዳል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ ተወለደ። ቋራ ከሱዳን የሚያዋስን ቆላ ነው፤ የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1820 ወዲህ ሱዳንን ሲይዝ የመጀመሪያው ግፊት የተሰማው በዚህ ጠረፍ ነበር። የካሳ ልጅነት በገዳም ትምህርት፣ ወጣትነቱ በሽፍትነት ማለፉ የታወቀ ነው። እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለው ወሬ ከጠላቶቹ አፍ የወጣ መሆኑም እንዲሁ። ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሚበጀው ግን ጠረፉ ራሱ ነው። የመሐል አገር መሳፍንት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የሚያገኙት ተመሳሳይ ፈረሰኛ፣ ተመሳሳይ ጋሻና ጦር፣ ጥቂትም ነፍጥ ነበር። ካሳ ግን ገና በጎበዝ አለቃነቱ ዘመን በሰልፍ የሚንቀሳቀስ፣ በትእዛዝ የሚተኩስ፣ መድፍ ያለው ሠራዊት ጎረቤቱ ነበር።

ይህ ጎረቤት በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ትምህርት ሰጠው። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ የጠረፉ ገዥ የነበረው ካሳ፣ በሺዎች የሚቆጠር ጦር ይዞ ምሽግ በያዘ ጥቂት መቶ የግብፅ ወታደር ላይ ዘመተ። የቁጥር ብልጫ ምንም አልፈየደለትም። ከምሽጉ ውስጥ የተተኮሰው መድፍና በሥርዓት የተሰለፈው እግረኛ ጦሩን በተነው። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ካሳ ከግብፅ ጦር የከዳ ወታደር አግኝቶ ጦሩን ሰልፍ ለማስተማር መሞከሩ ተጽፏል። ሙከራው ብዙ ፍሬ አላፈራም፤ ሰውየው ግን ደባርቂን በሕይወቱ ሙሉ አልረሳውም። በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ጋፋትም ሆነ ሴባስቶፖል፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤም ቢሆን፣ ሥሩን ሲቆፍሩት እዚያ ሜዳ ላይ ይደርሳል።

ወደ ዙፋን ያደረሱት ጦርነቶች ግን የመድፍ ጦርነቶች አልነበሩም። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ የካቲት 5 ቀን ውቤ ለራሱ ዘውድ መጫኛ ባሠራው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እነዚህን ድሎች ያስገኙት የጉዞ ፍጥነት፣ ድንገተኛ ጥቃትና የመሪው የግል ጀግንነት ናቸው። ከዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይስተዋላል። ቴዎድሮስ ያሸነፈው ሁሉ በቀላል ጦርና በፍጥነት ነው፤ ሲነግሡ ግን የተመኙት ከባዱን መሣሪያ ነው። ደባርቂ ከአይሻል ይልቅ በልባቸው አድሮ ነበር ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ከመሳፍንቱ የግል ጭፍራነት አውጥተው ከየአገሩ በተውጣጡ ክፍሎች ለማደራጀት ጣሩ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚሉት ማዕርጎች ከዚህ ጥረት ጋር ተያይዘው ይጠቀሳሉ። ወታደሩ በዘረፋ ፈንታ በደሞዝ እንዲተዳደርም ፈለጉ። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልግ ስለ ነበር ዓይናቸው በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ አረፈ፤ ከካህናቱም ጋር የተጣሉት በዚሁ ነው። የቤተ ክህነቱ ድጋፍ ሲነጠቅ፣ የሸዋው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አገራቸው ሲገቡ፣ ጎጃም፣ ላስታና ትግራይ ሲሸፍቱ፣ የጦሩ ማሻሻያ የቆመበት መሬት ከሥሩ ተናደ። መድፍ የሚያስፈልጋቸው ለግብፅ መሆኑ ቀርቶ ለገዛ ግዛታቸው ሆነ።

መድፍ የሚሠራው ጋፋት ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር የሰፈሩት ከስዊዘርላንዱ ቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከነዚሁ ይቆጠራሉ። ከሩስያ ጦር የከዳው ፖላንዳዊ ሞሪትዝ ሆልና ቡርጎ የተባለው ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨምረውባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተማር እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ አብዛኞቹም ሥራውን አያውቁትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልችልም የሚል መልስ አልተቀበሉም። የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ምድጃዎች ፈረሱ፣ ብረቱም አልቀልጥ አለ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ትንንሽ መድፎች ተሳኩ፤ ከዚያም እየተለቁ ሄዱ። ለጋሪ የሚሆን መንገድ፣ ለመንኰራኩር የሚሆን እንጨት፣ ለማቅለጫው የሚሆን መዳብና ነሐስ ሁሉ ከአካባቢው መገኘት ነበረበት። ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎች ኢትዮጵያውያን አንጥረኞች ከአውሮጳውያኑ ጎን ሆነው የሠሩት ሥራ በታሪክ መጻሕፍት ተገቢውን ስፍራ አላገኘም።

በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ከዚህ ጥረት ተለይቶ አይታይም። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ቆንሲል ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ እርሱን ለማስፈታት የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም በተራው ተያዘ። በመካከሉ ወንጌላዊው ፍላድ በ1858 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተልኮ ባለሙያዎችና የፋብሪካ ዕቃ ጠየቀ። እንግሊዞች ባለሙያዎቹንና ዕቃውን እስከ ምጽዋ ልከው ነበር። እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን አይገቡም ስለ ተባለ ወራት ጠብቀው ተመለሱ። ነገሩን እስከ ጦርነት ያደረሰው የንጉሡ ቁጣ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አተራረክ ይህን የምጽዋ ቆይታ ችላ ይላል። ቴዎድሮስ የፈለጉት የእጅ ጥበብ ከጠረፉ ደርሶ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ በዚያ ዓመት ጋፋት ላይ የተፈጸመው ግዙፍ ሥራ የተስፋ መቁረጥ ሥራ ይመስላል።

ሴባስቶፖል የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ ከተማ የተወሰደ ነው። አፈሙዙ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ወደ ላይ ተኩሶ በምሽግ ላይ የሚያወርድ ዓይነት መድፍ ነው፤ ማለትም በመሠረቱ የከበባ መሣሪያ እንጂ የሜዳ ውጊያ መሣሪያ አይደለም። ይህ ነጥብ ለኋላው ወሳኝ ነው።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መግቢያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በእጃቸው የቀረው ግዛት በጌምድርና መቅደላ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በጋሪ እየጎተቱ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይዘው፣ መንገድ በሌለበት አገር መንገድ እየሠሩ ሄዱ። ድንጋይ በባሩድ እየፈረከሱ፣ ገደሉን እየደለደሉ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም፤ ከአፋፍ እስከ ወንዝ መውረድና መውጣት ለባዶ በቅሎ እንኳ የሚያደክም ነው። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ ታሪክ ይህን የሚያህል ሥራ እስከዚያ ዘመን ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያው ወራት ከዙላ የተነሣው የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር በሌላ አቅጣጫ ወደዚያው አምባ ይጓዝ ነበር። ሠራዊቱ 13 ሺህ ያህል ወታደርና እጥፍ የሚሆን ተከታይ፣ ከ40 ሺህ የሚበልጥ የጭነት እንስሳ፣ ከባድ መድፎችን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ነበሩት። ከመድፈኛው ጋር ወደ መቶ የሚጠጉ መርከበኞች ያሉበት፣ 12 የሮኬት ማስወንጨፊያ ቱቦዎች የያዘና በኮማንደር ፌሎውስ የሚታዘዝ ብርጌድ ተመደበ። ብርጌድ መባሉ ዛሬ ቃሉ ከሚይዘው የሠራዊት ብዛት ጋር መምታታት የለበትም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አነጋገር ከመርከብ ወርዶ በየብስ የሚዋጋ የባሕረኛ ክፍል ሁሉ፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

መሣሪያው ራሱ ወደ እንግሊዝ የገባው ከእስያ ነው። በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዥዎች ሐይደር ዓሊና ልጃቸው ቲፑ ሱልጣን በብረት ቱቦ የታሸገ ሮኬት በእንግሊዞች ላይ ይተኩሱ ነበር። ቲፑ እ.ኤ.አ. በ1799 ከወደቁ በኋላ ዊሊያም ኮንግሬቭ በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይህንኑ አሻሽሎ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1807 ኮፐንሃገን በሮኬት ተቃጠለች፤ እ.ኤ.አ. በ1813 ላይፕሲክ ላይ አንድ የእንግሊዝ የሮኬት ክፍል ከናፖሌዎን ጦር ጋር ተዋግቶ አዛዡን ሻምበል ቦግን አጣ። የኮንግሬቭ ሮኬት አቅጣጫውን የሚጠብቀው ከጎኑ በታሰረ ረጅም ዘንግ ስለ ነበር፣ ነፋስ ሲመታው ይስታል፤ አንዳንዴም ወደ ተኳሹ ይዞራል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊሊያም ሄል ዘንጉን አስቀርቶ የሚወጣው ጋዝ ሮኬቱን እንዲያሽከረክር አደረገ። ያም ሆኖ ኢላማ በመምታት ረገድ ከተሰነጠረ አፈሙዝ መድፍ ጋር የሚወዳደር አልሆነም፤ በአውሮጳም ጦር ሁሉ ውስጥ እየተናቀ ሄዶ ነበር።

ለተራራ አገር ግን አንድ ብልጫ ነበረው። ሮኬት የሚገፋው በራሱ ውስጥ በሚቃጠል ባሩድ ስለ ሆነ ቱቦው የኋላ ምት አይቀበልም። የኋላ ምት ከሌለ ከባድ አፈሙዝ፣ ከባድ ሰረገላ፣ ሰፊ መንገድ አያስፈልግም። አንድ በቅሎ ቱቦውን፣ ሌሎች ሮኬቶቹን ይሸከማሉ፤ በቅሎ በሚያልፍበት ሁሉ መሣሪያው ያልፋል። ቴዎድሮስ ስድስት ወር የደከሙበትን የመንገድ ጥያቄ ይህ መሣሪያ ጥያቄ እንዳይሆን አድርጎታል። ይባስ ብሎ የእንግሊዝ ጦር ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ብለው በቀደዱት መንገድ ነው።

የሰሙነ ሕማማት ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2፣ እስላምጌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ይህን ድርጊት ከመሣሪያው ታሪክ ለይቶ መተው ቀላል ቢሆንም ተገቢ አይሆንም። በማግሥቱ ለሞት የወረደው ሠራዊት ያን ቀን ከአምባው ሥር ያደረ ሠራዊት ነው።

ዓርብ ስቅለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም፣ የእንግሊዝ ቀዳሚ ክፍል አሮጌ ሜዳ ደረሰ። በሸለቆው በኩል የሚመጣው ጭነት ከላይ ሲታይ ጠባቂ የሌለው መሰለ። ከፋላ አናት ላይ መድፎቻቸውን ደግነው የቆሙት ቴዎድሮስ ይህን አይተው እስከ 7 ሺህ የሚገመት ጦር እንዲወርድ ፈቀዱ። ጦሩን የመራው ቀይ ልብስ የለበሰው ፊታውራሪ ገብርዬ ነው። ከፋላ የተተኮሰው የመድፍ ዓረር ከከፍታው የተነሣ በእንግሊዞቹ ራስ ላይ እያለፈ ወይም ጭቃ ውስጥ እየተቀበረ ጉዳት አላደረሰም። ከትላልቆቹ መድፎች አንዱም ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል አልተተኮሰም፤ ተተኩሶም ቢሆን ቁልቁል በሚሮጥ የሜዳ ውጊያ ላይ የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

በዚያች ሰዓት ከሸለቆው ብቅ ያለው የሮኬት ብርጌድ ነው። ቱቦዎቹ ከበቅሎ ወርደው ለተኩስ እስኪዘጋጁ የፈጀው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሮኬቶች በሚወርደው ጦር ላይ ተተኮሱ። ጦሩ ለአፍታ ደነገጠ፣ ፈረሶቹም ተደናበሩ፤ ነገር ግን አልተመለሰም። የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ይህን አልካዱም። ቀጥሎ ፌሎውስ ቱቦዎቹን ወደ ፋላ አዙሮ አናቱን መታ፤ ከሮኬቶቹ አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ከቆሙበት አጠገብ መውደቁ ተነግሯል። በሺዎች መካከል ያልፋል ብለው ያላሰቡት እሳት ራሳቸው ከቆሙበት ጫፍ ደረሰ።

ይሁንና እልቂቱን ያደረሰው ሮኬቱ አልነበረም። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ላይ የዋለው፣ ከኋላ የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃና በበቅሎ የመጡት ቀላል የተራራ መድፎች ናቸው። ነጎድጓድና ዝናብ በተቀላቀለበት ውጊያ የገብርዬ ጦር ደጋግሞ ገጠመ፤ ገብርዬም ወደቀ። ሲመሽ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞተው 1,200 ያህል ቆስለዋል። ከእንግሊዝ በኩል 20 ሰው ቆስሎ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ይህን ልዩነት በመሣሪያ ብልጫ ብቻ መዝጋት የተለመደ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ነገር ግን የጋፋት መድፎች የከሸፉት ጥንታዊ ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። የከበባ መሣሪያዎች በሜዳ ውጊያ፣ ያልሠለጠኑ ተኳሾች በቁልቁለት ማዕዘን፣ ባሩድ መመጠን በማይታወቅበት ሁኔታ ስለ ዋሉ ጭምር ነው። ቴዎድሮስ ከደባርቂ የወሰዱት ትምህርት መድፍ ያስፈልጋል የሚል ሲሆን፣ እዚያ ምሽግ ውስጥ መድፉን መድፍ ያደረገው የተኳሹ ሥልጠና መሆኑ በቂ ክብደት አላገኘም። ማዕርግና ደሞዝ ያወጡት ንጉሥ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ ነበሩ ማለት አይቻልም። ጊዜና ሰላም ግን አላገኙም።

ከዓርብ እስከ ሰኞ ያሉት ቀናት በመልእክተኛ ምልልስ አለፉ። ቴዎድሮስ አውሮጳውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ በዚያ ዓመት የሁለቱ ወገኖች ትንሣኤ በአንድ ቀን ውሎ ስለ ነበር ለናፒየር ጦር የፋሲካ ከብት ላኩ። እጅ መስጠት ግን አልተቀበሉም። ሰኞ ሚያዝያ 6 ጠዋት፣ ብዙው ሠራዊት ከከዳቸው በኋላ፣ ከጥቂት ታማኞች ጋር መድፎቹን ከእስላምጌ ወደ መቅደላ አናት ለማውጣት ሲጣጣሩ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ደረሰ። መድፎቹ እዚያው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ የተራራ መድፎች፣ በዝሆን የመጡት ከባድ መድፎችና የሮኬት ቱቦዎች በኮኪት በር ላይ አተኮሩ። የ33ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮችም፣ በሩን የሚያፈርሱበት ባሩድ ይዘው መምጣታቸውን መሐንዲሶቹ ስለ ረሱ፣ አጥሩን ተንጠላጥለው ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ገድለው ተገኙ።

ናፒየር አምባውን አቃጥሎ ወደ ጠረፍ ተመለሰ። ከአምባው የተዘረፉት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጓዙ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ። የብርጌዱ ቱቦዎች እንደ አመጣጣቸው በበቅሎ ተጭነው ዙላ ላይ መርከብ ገቡ። ሴባስቶፖልን ለማንሣት የሞከረ አልነበረም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።